ከተመልካቹ መሃል የቆመው ሰው

ይህን ስጽፍ ፊቴ በእፍረት እየጋለ ነው። ፈጠራ ነው የሚል ሰው ካለ አልከራከረውም... እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። ኮምፒውተሮቹን የሚጠግንልኝን ልጅ ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ እንለዋለን።

ቋሚ ደንበኛዬ ግን አባቴ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ቡናማ ኮቱን ሳያወልቅ ጥግ ካለችው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ኳስ ይጫወታል።

የድሮ ጌም ነው። ተጫዋቾቹ አፍንጫ እንኳ የላቸውም። ተመልካቹም የቀለም ነጠብጣብ ነው።

ግን ፈጣን ነው። አባዬ ጎል ሲያገባ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። የታክሲ ሾፌሮች ተሰልፈው ይሸነፉለታል።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጌም ቤት ተከፈተ። አዲሱን ኳስ አመጡ። የተጫዋቹ ላብ የሚታይበት፣ ሳሩ በነፋስ የሚወዛወዝበት...

ደንበኛዬ ሁሉ ወደዚያ ነጎደ።

እኔም እልህ ያዘኝ። አዲሱን ጌም አስጫንኩ። አልነሳም አለ። ግራፊክስ ካርድ ቀየርንለት። ራም አነሰኝ አለ። ጨመርንለት። ይሄኔ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍልለት ፓወር ሰፕላይ አልቻለም፤ ተቃጠለ።

"እህቴ፣ ይሄ ጌም ሳይሆን ክፉ አማት ነው" አለ ሽቦ። "ምን ብትሰጪው ደስ አይለውም።"

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በመጨረሻ ተነሳ። ቤቱ ጢም አለ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ለአባዬ ሰጠሁት።

ትንሽ ታገለ። ከዚያ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"ያምራል" አለ። "ግን ልጄ... እኔ ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ ነው እሱ የሚያስበው። ኳሱ አይታዘዝም።"

"እውነቱን ነው" አለ አንዱ ሾፌር። ሌሎቹም ሳቁ።

ደሜ ፈላ።

"አባዬ፣ አንተ አሮጌ ነገር ለምደህ ነው! በቃ ተነስ፣ ለሚከፍል ሰው ወንበሩን ልቀቅ።"



"እሺ" አለ አባዬ። እሺ ብቻ።

ኮቱን ቆለፈና ወጣ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ... ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

ደንበኞቹም አንድ በአንድ ለምሳ ወጡ። ስምንት ሰዓት ላይ እኔና ሽቦ ብቻ ቀረን።

ዝምታው ከበደኝ መሰለኝ፣ "ምስሉን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው" አልኩት።

"ማሽኑ ይግላል።"

"ይጋል።"

ከፍ አደረገው። ማቀዝቀዣ ፋኑ እንደ አውሮፕላን ጮኸ። ስቴዲየሙ መጣ... ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን።

እያንዳንዱ ተመልካች ፊት ነበረው። ሽበት። መነጽር። የሚያዛጋ ሁሉ ነበር።

"ይሄ እንዴት ተሠራ ባክሽ?" አለ ሽቦ።

ያኔ አንድ ነገር ታዘብኩ። ጎል ገባ... ማንም አልጨፈረም።

ኳሱን የሚያይ ሰው አልነበረም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ጉልበታቸውን ነበር የሚያዩት።

አንድ ሰው ብቻ ቆሟል። ቡናማ ኮት ለብሷል።

ወደ እኛ ያያል።

"እህቴ..." ሽቦ አንሾካሾከ። "ይሄ ሰውዬ..."

"ዝም በል።"

"አባትሽን አይመስሉም?"

"ዝም በል አልኩህ!"

ፋኑ በድንገት ቆመ። ማሽኑ ግን እየሠራ ነው።

ስልኬን አወጣሁና አባዬ ጋ ደወልኩ።

ጠራ...

ጥሪው ከስፒከሩ ውስጥ ተሰማ። ከስቴዲየሙ። የአባዬ ስልክ ጥሪ፣ ያቺ የምታስል የምትመስለው።

ቡናማ ኮት የለበሰው ሰው እጁን ኪሱ ከተተ። ስልክ አወጣ። አየው።

ቀና ብሎ ደግሞ እኔን አየኝ።

ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ጥሪው እስኪያበቃ ድረስ ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆምኩ። አላነሳልኝም።

"ንቀለው!" ብዬ ጮህኩና ወደ ቤት ሮጥኩ።

አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ኮቱን አላወለቀም። በሕይወት አለ። እግሩ ስር ተንበረከክኩ።

"አባዬ... ደውዬልህ ነበር።"

"አየሁት።"

ድምፁ ሻክሯል። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለ ሰው ድምፅ ነው።

"ታዲያ ለምን አላነሳህም?"

"ሰው ነበረ" አለ ቀስ ብሎ። "በሰው ፊት ምን ልልሽ? አፈርኩ።"

"የት ነበርክ?"

 የኮቱን ቁልፍ እየነካካ መሬት መሬት አየ።

"ብዙ ነን ልጄ" አለ። "እዚያ ያለው ሁሉ ተነስ የተባለ ሰው ነው። መቀመጫውን ሲሰጡን ደስ አለን... ለካ እዚያ የገባ ሰው ዓይኑን መክደን አይችልም።"

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ፀጉሬን ዳሰሰኝ። እጁ በረዶ ነበር። ይቅር ብሎኝ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ልጠይቀው ደግሞ ፊቱን የማይበት ዓይን የለኝም።

ወደ ጌም ቤቱ ስመለስ ሽቦ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሟል። የነቀለው ገመድ እጁ ላይ ተጠምጥሟል።

"ነቅዬዋለሁ" አለ። "ግን እኔ ውስጥ አልገባም።"

"ማን መጣ?"

"ማንም። ከበሩ አልተነቃነቅኩም። ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም... ግን ሲነሱ ሰማሁ።"

"እነማን?"

በገመዱ ወደ ውስጥ ጠቆመኝ።

ገባሁ። ማሽኖቹ ሁሉ ጠፍተዋል። ደንበኞቹ ሲወጡ እኔ ራሴ ጠረጴዛ ስር ያስገባኋቸው ወንበሮች ግን አንድም ሳይቀሩ ወደ ኋላ ተስበዋል።

የመጀመሪያውን መቀመጫ በእጄ ነካሁት።

ሙቅ ነበር።

ቀጣዩን ነካሁ... ሙቅ። ከዚያ ወዲያ ያለውን... እሱም ሙቅ።

ሰው ገና አሁን የተነሳበት ያህል።