አገኘኋት!

ሰዓሊዋ ሥራዋን ትታ ጆሮዋን ጣል አደረገች። «መስማት አልፈለግኩም ነበር» ብትል ማን ያምናታል!

ከፊት ለፊቷ ያለው ተመራማሪ ከተራራው ጫካ ገና መመለሱ ነው። ጭቃ የጠገበ ቦቲውን እንኳ ሳያወልቅ ስልክ ላይ ተጥዷል።

«እማዬ፣ አገኘኋት! አዎ፣ ስፈልጋት የኖርኳት ራሷ ናት... ዓይኗን ብታይው፣ ወርቅ ነው! እንቅልፍ ነስታኛለች።»

የእናትየው እልልታ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው።

ሰዓሊዋ ክው አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ የሚያመጣቸውን እንሽላሊትና ጥንዚዛ ለጥናቱ ስትስል፣ የወደደችው እሱን ነበር። ግን ትንፍሽ አላለችም። መሳቢያዋ ውስጥ ከሌላ ከተማ የመጣ የሥራ ውል አለ፤ ሳትፈርም ያቆየችው በእሱ ምክንያት ነው። አሁን አወጣችና ፈረመችው።

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው፣ ብዕሯን ሳታስቀምጥ።

«ሰማሽ? አንቺ ነሽ የምትስያት። ከነጀርባዋ!»

«ከነጀርባዋ? ሙሽራህን ራቁቷን ልሳላት?» ደሟ ፈላ። «ኧረ እፈር! ለሠርግህ ፎቶ አንሺ ጥራ!»

«የምን ሠርግ?»

ግራ ገብቶት እርጥብ ቅጠል የሞላበትን ሣጥን ከፈተ። አውራ ጣት የምታክል እንቁራሪት ወርቃማ ዓይኗን አፈጠጠችባቸው።

«ይቺው ናት። ማንም ያልመዘገባት አዲስ ዝርያ። ሦስት ዓመት ጅረት ለጅረት አንከራታኛለች።»

ሰዓሊዋን ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣት። ውሉን አሳየችው።

«ልታገባ መስሎኝ... ፈረምኩ እኮ!»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ልከሽዋል?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው አትላኪው።» ስለ እንቁራሪት አውርቶ የማይደክመው ምላሱ ተሳሰረበት። «ድንኳን ውስጥ ዝናብ ሲወርድብኝ፣ ይቺን ላንቺ የማሳይበትን ቀን ነበር የማስበው። እወድሻለሁ... ቆየሁ፣ አይደል?»

«በጣም ቆየህ!» አለችው። ውሉን ግን ለአራት ቀደደችው።

ስልኩ እንደገና ጠራ። እናቱ ናቸው።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምታመጣት? ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬያለሁ!»

«እማዬ... ያቺ እንቁራሪት ናት። አሁን ግን ሌላ አለችኝ።»

እናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቺኛዋስ... ሰው ናት?» አሉ።

ሰዓሊዋ ስልኩን ተቀበለችው። «አዎ እማማ፣ ሰው ነኝ።»

«ተመስገን! እልልታዬን ግን በዓይኔ እስካይሽ ይዤዋለሁ።»