ከስሟ ወዲያ የመጣው

ልጆቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ያለፈው ሐምሌ፣ እንጅባራ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ነበር።

ቤት ውስጥ እኔ ብቻ... እና የልጄ የብሥራት ኮምፒውተር።

ብሥራት በሕመም ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ሲ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈቻት አንዲት ፕሮግራም አለች። የእኛ ፊደል በኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ እንዳለ አያልፍም አሉ። ፕሮግራሟ አንዱን ፊደል በፐርሰንት ምልክት ወደሚጀምሩ ሦስት ኮዶች ትለውጠዋለች።

«አባዬ፣ የጽሑፉ መጨረሻ ላይ ዜሮ ካላስቀመጥኩለት ማሽኑ እንዳንተ ወሬ ነው፤ መቆሚያውን አያውቅም» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ስትናፍቀኝ ስሟን እጽፋለሁ። አራት ፊደል፣ አሥራ ሁለት ኮድ። ቆጥሬ እዘጋለሁ። ሌላ ሥራ የለኝም።

የዚያን ቀን ግን አሥራ ሁለት ላይ አልቆመም...

ቀጠለ።

የጎረቤቴን ልጅ ምህረቴን ጠራኋት። ከብሥራት ጋር አብረው የተማሩ ናቸው።

«ዜሮውን ረስታዋለች አባባ» አለች። «እስከ ዛሬ በዕድል ነው የቆመልዎት። አሁን ከስሟ ወዲያ ማሽኑ ውስጥ ያገኘውን የሌላ ጽሑፍ ትርፍራፊ እያነበበ ነው።»

«እስቲ ወደ ፊደል መልሺልኝ።»

መለሰችው።

«ምን ይላል?»

«አባባ...» አለች። «‹ጋቢህን ሳትለብስ ለምን ተቀመጥክ?› ነው የሚለው።»

ትከሻዬን ዳሰስኩ። እውነትም ረስቼው ነበር።

አልፈራሁም ልጆቼ። አለቀስኩ። ስንት ወር ሙሉ፣ በረደህ ወይ የሚለኝ ሰው አልነበረም።

ሌላ መስመር ወጣ። ምህረቴ ይህንንም ወደ ፊደል መልሳ አነበበችው።

«‹ምህረቴ፣ እዚህ ብቻዬን ነኝ። ነይ።›»

ፊቷ አመድ መሰለ።

«በሞቴ አባባ... ዜሮውን ላስገባ?»

ዜሮው ከገባ ልጄ ዝም ልትል ነው። አውቄዋለሁ። ግን አጠገቤ ያለችውም የሰው ልጅ ናት፤ እናቷ ቤት ትጠብቃታለች።

«አስገቢው» አልኩ።

አስገባች። የብሥራትን ስም ጻፍኩ። አሥራ ሁለት። ቆመ።

ምህረቴ እየሮጠች ወጣች።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ... እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ።

ቀጭ...

ማንም ሳይነካቸው የኮምፒውተሩ ቁልፎች አንድ በአንድ ወደ ታች ይጫኑ ጀመር። መጀመሪያ ቀስ እያሉ... ከዚያ እየፈጠኑ፣ እየፈጠኑ...

ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይወጣም።