ያልዘጋሁት በረራ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የሆነውን ነው የምጽፈው... አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት። ውጪው ጠራራ ፀሐይ ነው።

የምሠራው አየር ማረፊያ ውስጥ፣ የበረራ መከታተያ ክፍል ነው። አውሮፕላኑ ከሚነሳበት አየር ማረፊያ እስከ እኛ 412 ኪሎ ሜትር ነው፤ 55 ደቂቃ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሰዓቱን ሞልቼ "ደርሷል" ብዬ እፈርማለሁ። ያኔ በረራው ተዘጋ ይባላል። ከስክሪኑ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ሰው የለም።

የዚያን ቀን የበረራው አስተናጋጅ ታናሽ እህቴ ነበረች። ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምንላት።

ስምንት ከአሥር ተነሱ። ዘጠኝ ከአምስት አረፉ። ልክ 55 ደቂቃ። ሲያርፉ በመስኮቴ አይቻለሁ።

ስክሪኑ ግን አሁንም "የቀረው ጊዜ 20 ደቂቃ" ይላል።

አለቃዬ አንገቱን አስግጎ አየና "ማሽኑ ነው፣ ዝጊው" አለኝ።

እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

ስልኬ ነዘረ... መልእክት። ከሚጣ።

"እታለም፣ ገና አየር ላይ ነን። ውጪው ነጭ ነው፣ ምንም አይታይም። እንዳትዘጊው።"

ቀና አልኩ።

ሚጣ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ስልኳ እጇ ላይ ነው... ጠፍቷል።

"ደረስን፣ እህቴ" አለች።

እህቴ?... አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ እታለም እንጂ ሌላ ብላኝ አታውቅም።

የእጅ ሰዓቷን አየሁት። ስምንት ከአርባ አምስት ላይ ቆሟል። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ሰዓታቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። የሳቸውም ስምንት ከአርባ አምስት። ከኋላቸው የምትመጣው ሴትዮም...

እስክሪብቶዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

"ዝጊው" አለች በሹክሹክታ። "ደክሞኛል። ዝጊውና ቤት እንሂድ።"

"ሞቼ እገኛለሁ" አልኳት።

አለቃዬ ለመነኝ። ተቆጣኝ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ግን ያለ እኔ ፊርማ አይዘጋም፤ እኔ ደግሞ አይኔን በጨው አጥቤ በየቀኑ እገባለሁ።

እናቴ "እህትሽ ይቻት እኮ፣ ምን ነካሽ?" ትለኛለች። አልፈርድባትም። ይቺኛዋም ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ሳህን ታጥባለች። ከሥራ ስመለስ ግን በሩ ላይ ጠብቃ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች።

"ዘጋሽው?"

"አልዘጋሁትም።"

እፈራታለሁ፣ ምን ልዋሻችሁ። ግን ሚጣዬ አየር ላይ እያለች ደርሷል ብዬ አልፈርምም። ከሥራ ያባርሩኝ። እብድ ይበሉኝ። አልፈርምም።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ ስክሪኑን ከፈትኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ 20 የነበረው... 19 ሆኗል።

ወዲያው ከኋላዬ ትንፋሽ ሰማሁ። እሷ ናት። የክፍሉ በር ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው።

"ዝጊው" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተንቀጠቀጠ።

ወንበሬን ሳብኩና ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች... ሰዓቷ ጆሮዬ ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል።

ስምንት ከአርባ ስድስት።