ምስሉ የቆረጠለት ቀን

የሙባረክ አስከሬን ከዐስር ሶላት በፊት መቀበር ነበረበት፤ ፖሊስ ደግሞ ከቀብሩ በፊት አንድ ሰው ይዞ መሄድ ፈልጓል። ለጊዜው የተጠረጠረችው ሚስቱ ጀንነት ናት። መድኃኒቱን የምትሰጠው እሷ ስትሆን፣ ጠርሙሱ ውስጥ የተገኘው ግን የአንጎል እብጠት የሚቀንሰው ክኒን ሳይሆን ጣዕም የለሽ ቫይታሚን ነው።

አዲስ አበባ አድጋ ወደ አገሯ የተመለሰችው መርማሪ አቤኒ መቀመጥ አይሆንላትም። ጁባ ታውን በሚባለው የጁባ ሰፈር፣ ከሟቹ የጅምላ መደብር ጀርባ ባለው ሳሎን፣ ጠርሙሱን እያገላበጠች ከበር እስከ መስኮት ትመላለሳለች።

ለቀስተኛው የሚያወራው ስለ ማሽን ነው። ንያኩሮን ሰፈር ቢሮ ከፍቶ የአንጎል ዕጢ ምስል በኮምፒውተር እያነበበ ቀሪ ዕድሜ የሚተነብየው አሸናፊ፣ «ዶክተር» ሲሉት የማያርመው፣ ለሙባረክ ሦስት ወር ቆርጦለት እንደነበር ጠዋት ለሁሉም አውርቷል። ሦስት ወሩ ዛሬ ማክሰኞ ሞላ። ሁለት ለቀስተኞች እዚያው ቀጠሮ አስይዘዋል።

አቤኒን የቆረቆራት ይኸው ነበር። ኮምፒውተር ወር ይገምታል እንጂ ማክሰኞን አያውቅም።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ሱሩር፣ ክፉ ወሬ ለበሽተኛም ለሚስትም አይነገርም ብሎ ለሙባረክ «ሳይነስ ነው»፣ ለጀንነት «ዓመት ተኩል አለው» ማለቱን አመነ። እስከ ዛሬ ጠዋት ሦስት ወሩን የሚያውቁት እሱና አሸናፊ ብቻ ነበሩ።

አቤኒ ጀንነትን ስለ መድኃኒቱ አሰጣጥ ጠየቀቻት።

«መዋጥ ስላቃተው ፈጭቼ በማንጎ ጭማቂ ነው። መረረኝ እያለ በየቀኑ ይሰድበኝ ነበር።»

«እስከ መቼ?»

«እስካለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ ይጠጣል። አዘነልኝ ብዬ ነበር።»

አቤኒ ጀንነትን፣ ሱሩርንና ከለቀስተኛው መሀል የተቀመጠውን አሸናፊን ሰበሰበቻቸው።

«ክኒኑ የተለወጠው ሰኞ ነው፤ ምሬቱ የጠፋ ዕለት። የለወጠው ሰው ተፈጭቶ እንደሚሰጥ አላወቀም። ጀንነት ብትሆን ቀኑን በገዛ አፏ አትነግረኝም። ሱሩር ያን ዕለት ናይሮቢ ነበር። ያንኑ ምስል ለሐኪሞች አሳይቶ፣ ‹ንባብህ ስህተት ነው ይላሉ› ብሎ ለአሸናፊ በዋትስአፕ ላከ። ከሰዓት አሸናፊ ግፊት ልለካ ብሎ እዚህ መጣ። ሙባረክ በሕይወት ከቀጠለ፣ ማን ለትንቢቱ ቀጠሮ ይይዛል?»

ፖሊሶቹ ከአሸናፊ ቦርሳ የሙባረክን ክኒኖች በጨርቅ እንደተቋጠሩ አወጡ። አሸናፊ አልካደም፤ የተቆጣው በሌላ ነው።

«ሐኪሞቹ ናቸው የተሳሳቱት። ይኸው፣ በቀኑ ሞተ። ማሽኔ ልክ ነበር።»

«ረዳት ካለው እንዴት ይሳሳታል» አለች አቤኒ። «ያላ፣ በሉ ውሰዱት።»

ፖሊሶቹ አሸናፊን ይዘው ሲወጡ ጀንነት ወደ ሱሩር ዞረች።

«ጋሼ ሱሩር፣ ናይሮቢዎቹ ስንት ጊዜ አለው አሉ? እውነቱን ንገረኝ።»

ሱሩር ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢበዛ ሁለት ወር ቢጨምር ነው» አለ።

ጀንነት አላመነችውም፤ አቤኒን አየቻት። አቤኒ የሱሩርን ስልክ ጠዋት አንብባዋለች፤ የሐኪሞቹ መልስ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ይል ነበር።

«እኔም ያየሁት ሁለት ወር ነው» አለቻት።