የሞቱ ስልኮች ግድግዳ

ኢንስፔክተር አያንሌ ሐርጌሳ ውስጥ 31 ሜይ ሰፈር ከሚገኘው የሐጂ ዓብዲቃኒ ቤት ሲደርስ አስከሬኑ ሳሎኑ ወለል ላይ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ነበር። ገዳዩም ተይዟል ተባለ። ሞትና ገዳይ በአንድ ጠዋት ተጠናቅቀው መቅረባቸው አልጣመውም። ለነገሩ ማንም አስተያየቱን አልጠየቀውም። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ጥርት ያለ ነውና አለቃው ኮማንደር ሻኪር የጠራው ለአስተርጓሚነት ነው፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ። ተጠርጣሪው ሐበሻ ነው፣ አምኖ ፈርሟል፤ ቃሉን ተርጉምና ጨርስ ተባለ።

አያንሌ ግን ከመተርጎሙ በፊት ሳሎኑን ዞሮ አየ። ሟቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስልክ ሲነግዱ ኖረው፣ በስተርጅና ቤታቸውን በሞቱ ስልኮች ማስጌጥ የጀመሩ ሰው ነበሩ። አንዱ ግድግዳ ላይ ከኮምፒውተር ሰሌዳ የተሠራ ግመል፣ ሌላው ላይ በስልክ ቁልፎች የተለቀመ የሐርጌሳ ካርታ ተሰቅሏል። ትልቁ ሥራ ባለ ብረት ክፈፍ ነው። የቤተሰቡ አርባ አሮጌ ስልኮች በረድፍ ተደርድረውበታል፤ ማብሪያው ሲጫን ስክሪናቸው ይበራና ያረጁ ፎቶዎችን ያሳያል። ጎረቤቱ «ሽማግሌው ጃጁ» እያለ ያማቸው ነበር። እሳቸው ግን በየንጋቱ ለሶላት ታጥበው ውዱእ አድርገው፣ እጃቸው ሳይደርቅ ክፈፉ ላይ ያለውን የሟች ወንድማቸውን ፎቶ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ወደ ሶላት ይሄዳሉ። ይህን ልማዳቸውን ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ዛሬም ዳሰሱት፤ ኤሌክትሪኩ እዚያው ጣላቸው።

ክፈፉን የሠራላቸው ጋአን ሊባህ ሰፈር ስልክ የሚጠግነው ተጠርጣሪው ደምሴ ነው። እህቱ ሙሉነሽ ደግሞ የዚሁ ቤት ሠራተኛ ናት። ደምሴ ክፈፉን የሚያበራው በአሮጌ የላፕቶፕ ቻርጀር ነበር፤ ቻርጀሩ ኃይሉን ስለሚቀንስ ድመት እንኳ አይገድልም። አሁን ግን ቻርጀሩ የለም። በቦታው ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ያለው ሽቦ ከግድግዳው ተነሥቶ በቀጥታ ከብረቱ ክፈፍ ጋር ታስሯል።

የዚያ ቤት ሶኬት ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው። ሁለቱ የታች ቀዳዳዎች የሚከፈቱት የላይኛው ሲነካ ነው። ከኢትዮጵያ ባለ ሁለት እግር ቻርጀር ይዞ የመጣ ሁሉ የላይኛውን በሆነ ነገር ነካ አድርጎ መሰካት ለምዷል። እዚህም የላይኛው ቀዳዳ ውስጥ የተሰበረ ክብሪት ተወትፏል። ኮማንደሩ በጣቱ አሳየውና፣ እንዲህ የሚሰካ ከሐበሻ በቀር ማን አለ አለው።

ደምሴን ሲያነጋግረው ልጁ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ለምን አደረግከው?»

«ሽቦ ተምታታብኝ ጋሼ። ስሕተት ነው።»

«ቻርጀሩንስ የት ጣልከው?»

ደምሴ ዝም አለ። የደበቀውን የሚረሳ ሰው ብዙም የለምና አያንሌ ይህን ዝምታ በልቡ ያዘ። ስለ ትናንት ሲጠይቀው ግን አፉ ተፈታ። ወይዘሮ ዴቃ፣ የሟቹ ሚስት፣ ከልጃቸው ከጂብሪል መሳቢያ አንድ አሮጌ ስልክ አውጥተው ሰጥተውት፣ ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ አስሮት ነበር። ሲበራ ፊርማ ያለበት የአንድ ወረቀት ፎቶ ወጣ። ሐጂው አተኩረው አዩት፤ አያሃ ሰፈር ያላቸው መሬት የተሸጠበት ውል ነው። እሳቸው ግን መሬቱን ሸጠው አያውቁም። ለደምሴ «በቃህ፣ ሂድ» አሉት፤ ጂብሪልን ጠርተው በሩን ሲዘጉ ትቷቸው ሄደ።

ሙሉነሽን ያገኛት ማጀት ውስጥ ነው። ስልኳን እንዴት ቻርጅ እንደምታደርግ እንድታሳየው ጠየቃት። የላስቲክ ማበጠሪያዋን እጀታ ወደ ላይኛው ቀዳዳ ሰደደች፣ ቻርጀሯን ሰካች፣ እጀታውን መልሳ አወጣች።

«ለምን አወጣሽው?»

«ከተሰካ ወዲያ ምን ይሠራል? እዚያ ብተወው የወይዘሮዋ ካውያ አይገባም። ለሱ ተብሎ አንድ ቀን ሊያባርሩኝ ነበር፤ ክብሪት ሰብሬበት። ያን ጊዜ ልጃቸው በመርፌ አወጣው።»

አያንሌ ወደ ሳሎን ተመልሶ ሽቦው መነቀሉን አረጋግጦ ስልኮቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካካ። ሠላሳ ዘጠኙ ስልኮች በብሎን ታስረዋል። ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ያለው ብቻ በሙጫ ተለጥፏል፣ ሙጫውም ገና አልደረቀም። ከዚያ በኋላ የቤቱን ሶኬቶች ልፈትሽ ብሎ ክፍል ለክፍል ዞረ፤ ዙሩን ሲጨርስ አንድ ነገር በከረጢት ይዞ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይሄኛው ገና ሳይመሽ ጠርቶለት ነበር፤ ምን ዋጋ አለው።

ቀብሩ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተፈጸመ። ወደ ማምሻው፣ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዴቃ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ጂብሪል ከጎናቸው፣ የቤተሰቡ ሽማግሌ አው ዓብዲራሕማን ከፊት ተቀመጡ። ኮማንደሩ ቆሟል። ደምሴ በካቴና፣ ሙሉነሽ በሩ ጥግ ናቸው። አያንሌ በሶማልኛ እየተናገረ፣ ለሁለቱ ደግሞ በአማርኛ እየመለሰ ጀመረ።

«ክብሪቱ ሐበሻ ነው የሰካው እንድንል የተተወ ነው። በየቀኑ እንዲህ የሚሰካ ሰው ግን እንጨቱን ያወጣል። ክብሪት ሰብሮ የሚተወው ነገሩን ከሩቅ ያየ ሰው ነው። ሙሉነሽ አንድ ጊዜ ስትሳሳት ክብሪቱን በመርፌ ያወጣው ጂብሪል ነው፤ ያየውም ያን ቀን ብቻ ነው።»

ጂብሪል ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘለትም።

«ደምሴ በብሎን እንጂ በሙጫ አይሠራም። የውሉ ፎቶ የነበረበት ስልክ ተነቅሎ ሌላ ተለጥፎበታል። አባትየው ልጃቸው በስማቸው ፈርሞ መሬታቸውን እንደሸጠ ያወቁት ትናንት ነው። ዛሬ ሽማግሌ ፊት ሊያቀርቡት እንደነበር አው ዓብዲራሕማን ነግረውኛል።» ከረጢቱን ከፍቶ በቀይ ፕላስተር የተጠቀለለ ቻርጀር አወጣ። «ይህን ፕላስተር የጠቀለለው ደምሴ ነው። ያገኘሁት ጂብሪል ክፍል ነው፣ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ። መጣሉ ቆጭቶት ይሆናል። ደምሴ ያመነው ደግሞ ክብሪቱን ሲያይ እህቱ ያደረገችው መስሎት ነው።»

ደምሴ ይህን በአማርኛ ሲሰማ ወደ ሙሉነሽ ዞረ፣ ፊቱን በታሰሩ እጆቹ ሸፈነ።

ጂብሪል አልካደም። እናቱን ብቻ አየ። ዴቃ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ መቁጠሪያው ቆመ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«የደሙ ባለቤት፣ ካሳ ሊጠይቅም ይቅር ሊልም የሚችለው ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ፣ ልጅሽም።»

«ገደልኩ ብሎ የፈረመውስ?»

ሽማግሌው ዴቃ ነገሩን ወዴት እንደሚወስዱት ገብቷቸው አንገታቸውን ደፉ። «ደምሴ» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ለደምሴ ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ። ዛሬውኑ ወደ አገሩ ይሂድ።»

አያንሌ ወደ ዴቃ ቀረበ። «ኢዶ፣ አክስቴ፣ ያልገደለ ሰው እንዴት ይቅር ይባላል?»

«አንዱን ዛሬ ቀብሬያለሁ» አሉት። «ሁለተኛውን አትጠይቀኝ።»

ኮማንደሩ ቻርጀሩን ከእጁ ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ጆሮው ላይ አንሾካሾከ። ደምሴ ይቅርታውን ካልተቀበለ የፈረመበት ቃል ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ወረቀት የለው፣ ዘመድ የለው፣ ማን ይቆምለታል? አያንሌ አለቃውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። የሚያግዘው ሰው አጣ። ያወቀውን ሁሉ ባያውቅ ተመኘ። ለደምሴ የተባለውን ነገረው።

«እኔ እኮ አልገደልኩም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

አያንሌ ወደ ሙሉነሽ ተመለከተ።

«ተቀበል» አለች ሙሉነሽ ከበሩ ጥግ። «ነፍሰ ገዳይ ይበሉህ፣ ግዴለም። ተቀበልና እንሂድ።»

ደምሴ ተነሥቶ ወደ ወይዘሮዋ ጎንበስ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለማሩኝ» አለ።

ከቤተሰቡ አማርኛ የገባው አልነበረምና ሁሉም አያንሌን ጠበቁት። እሱም ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመው። ከሁሉ ቀድሞ «አሚን» ያለው ጂብሪል ነበር።