የአስተዳዳሪው ደብዳቤ

«ሦስት ወረቀት ነው የሚሰጡን?» አለ አባቷ፣ የጀመረውን መጥረጊያ ጭኑ ላይ አስተኝቶ።

«ሦስት። ቀለማቸው ይለያያል» አለች ሬዲዮ፣ የመራጮች መመሪያውን እየገለጠች። ሬዲዮ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ለአባቷ ጋዜጣ ስታነብ ድምጿ ሦስተኛው ቤት ድረስ ስለሚሰማ ጎረቤቶች ያወጡላት ነው፤ በኋላ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏት ገባ። አባቷ በያጅ ነበር። የዓይኑ ብርሃን ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ቤት ቁጭ ብሎ መጥረጊያና ብሩሽ ይሠራል።

«እስቲ አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

«ቢጫው ለክልሉ አስተዳዳሪ ነው። ጤና ጣቢያውን፣ መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስኬደው እሱ ነው። ሰማያዊው ለምክር ቤት አባል ነው፤ ሕግ የሚያወጡት፣ በጀት የሚያጸድቁት እነሱ ናቸው። ነጩ ለዋና ኦዲተር። የጸደቀው ነገር በትክክል ሥራ ላይ መዋሉን ይመረምራል።»

አባቷ ሳቅ አለ። «እንደኛ ቤት ነዋ! እናትሽ ታጸድቃለች፣ እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ እየዞርሽ ትመረምሪያለሽ።»

«ታጸድቃለች» ያለው ቃል ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ለሁለቱም የተሰማቸው።  እናቷ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗል። አስሟ ሲነሳባት አምቡላንስ ጠርተው ነበር። «መኪናው ጎማ የለውም» አለ ስልኩን ያነሳው ሰው። ታክሲ እስኪገኝ አንድ ሰዓት አለፈ። ሬዲዮ ያን ጊዜ በማን ላይ መናደድ እንዳለባት አታውቅም ነበር፤ በሐኪሞቹም፣ በታክሲውም፣ በራሷም ላይ ተናዳ ታውቃለች። ዛሬ የመመሪያው አራተኛ ገጽ ላይ «የጤና ተቋማትና አምቡላንሶች በአስተዳዳሪው ሥር ናቸው» የሚለውን ስታነብ ጣቷ እዚያው መስመር ላይ ቀረ።

«ለቢጫው አትጨነቂ» አለ አባቷ። «እሱን ቆርጫለሁ። አሁን ያለውን ሰውዬ ነው የምመርጠው።»

«ለምን?»

«ደብዳቤውን ረሳሽው እንዴ? ስንት ሺህ ሠራተኛ እያለው፣ እናትሽ ፊደል የከበደውን ልጅ ከሌሎቹ ለይታ፣ ምሳዋን ትታ ታስተምር እንደነበር ያወቀ ሰው ነው። ለሱ አንድ ድምፅ ሲያንሰው ነው።»

ሬዲዮ መመሪያውን ዘጋችው።

ደብዳቤው የመጣው ከቀብሩ በኋላ በአሥራ አምስተኛው ቀን ነበር። የእናቷ ስም ባዶው ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ተሞልቶ፣ ከታች ማኅተም ተመትቶበት፣ ሁለት መስመር ብቻ። የመጀመሪያው የተሰማንን ሐዘን እንገልጻለን ይላል። ሁለተኛው በሟች እጅ የሚገኙ የመንግሥት ንብረቶች በአሥር ቀን ውስጥ ተመላሽ ይደረጉ ይላል። አባቷ ያን ሰሞን እህል አልቀምስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ነበር። «ምን ይላል?» ብሎ ቀና ሲል አየችውና ሁለተኛውን መስመር ዘለለችው። በእሱ ፋንታ ስለ እናቷ የምታውቀውን፣ ከአፏ የመጣላትን ሁሉ፣ እንደ ተጻፈ አድርጋ አነበበችለት። አባቷ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። ማታ በላ። በማግስቱ የእናቷን የማስተማሪያ መጻሕፍትና የክፍሉን ቁልፍ በፌስታል ይዛ ሄዳ ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አስረከበች።

እስከዛሬ አልተጸጸተችም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቦኖ ውሃ ላይ ለክፍል ጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋ ጀሪካኗን ደግፋ ሳቀች።

«ምን ታካብጃለሽ? አባትሽ አያይ። እሺ በይውና ቢጫው ላይ አምቡላንስ አቆማለሁ የሚለው ሰውዬ ጋ ምልክት አድርጊ፣ በቃ። ያ ደነዝ ይቀጣል፣ አባትሽም ደብዳቤው አይቀርበትም። ማን ይጎዳል?»

ሬዲዮ ብታስብ፣ ብታስብ የሚጎዳ ሰው አጣች።

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ጢሙን ተላጭቶ፣ የታጠበ ኮቱን ለብሶ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ተሰለፈ። ምርጫ ጣቢያው የመማሪያ ክፍል ነው። መነጽር ያደረገች አስፈጻሚ መዝገቡን እያየች፣ «ረዳታቸው አንቺ ነሽ?» አለቻት።

«አዎ።»

«እዚህ ጋ ትፈርሚያለሽ። መጀመሪያ ሁሉንም ስም ታነቢላቸዋለሽ። ከዚያ እሳቸው ያሉሽን ብቻ ነው የምታደርጊው። አትጠቁሚ፣ አታስቀይሪ። ገባሽ?»

«ለሷ አታስቢ» አለ አባቷ ደረቱን ነፍቶ። «ልጄ ስታነብ አንዲት ቃል አትጨምር፣ አንዲት ቃል አትቀንስ።»

ልትፈርምበት ያነሳችው እስክሪብቶ ከመዝገቡ በላይ ቆመ። ሬዲዮ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይቅርታ፤ ትንሽ ቆይተን እንመለሳለን።»

ከክፍሉ ጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። «ምን ሆንሽ? አመመሽ?» አለ።

«አባዬ፣ ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው።»

«የቱ ደብዳቤ?»

«የአስተዳዳሪው። ስለ እማዬ ያነበብኩልህ… እኔ ነኝ ያልኩት። አልተጻፈም።»

 አባቷ እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰዶ ወረቀቱን አወጣ። ከመታወቂያው ጋር ይዞት እንደሚዞር አታውቅም ነበር።

«ያለውን አንብቢ።»

አነበበች። ያ ጎረቤት የሚያውቀው ድምጿ የት እንደገባ እንጃ፤ ለራሷም በደንብ አልተሰማትም።

«ከዚያስ?»

«በቃ።»

«ፊርማ የለውም?»

«ማኅተም ብቻ ነው።»

በአውራ ጣቱ ወረቀቱን ዳበሰው። «ንብረቱን መለስሽ?»

«መለስኩ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

አባቷ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ስምንት ወር ሙሉ» አለ፣ «ከኛ ሌላ ያወቃት ሰው ነበር እያልኩ እተኛ ነበር።»

ሬዲዮ ማልቀስ ጀመረች። ዝም በይ አላላትም፤ ወደ ደረቱም አላስጠጋትም። «ሁለተኛ እንዳታደርጊው» አለ ብቻ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «በዓይኔ አለማየቱን ለምጄዋለሁ። ባንቺ ዓይን ያየሁት የሌለ ከሆነ ግን…» ሳይጨርሰው ተነሳ።

ሰልፉ መጨረሻ ላይ እንደገና ቆሙ። በዚህኛው ዙር እጁ ትከሻዋ ላይ ሳይሆን በግድግዳው ላይ ነበር። ሬዲዮ ከፊቱ ቀስ እያለች፣ «ደረጃ አለ… አሁን በር ነው» እያለች መራችው።

ከመጋረጃው ኋላ የሰማያዊውን ስሞች በሹክሹክታ አነበበችለት፤ መረጠ። የነጩን አነበበች፤ መረጠ። ቢጫው ላይ አራት ስም ነበር። አራቱንም በአንድ ዓይነት ድምፅ አነበበች፤ አንዱንም አላፈጠነችም፣ አንዱንም አላጎላችም። አስተዳዳሪው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው በየሰፈሩ አምቡላንስ አቆማለሁ ያለው ነው።

«ሁለተኛውን አልመርጥም» አለ አባቷ።

 እስክሪብቶውን ከፈተች።

«ሌሎቹን አላውቃቸውም። ዛሬ ማንንም የማምንበት አቅም የለኝም። ባዶውን እጠፊው።»

የሦስተኛው ሰውዬ ሳጥን ከእስክሪብቶው ጫፍ አንድ ጣት አይርቅም ነበር። እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አየር ስትፈልግ ታየቻት። ጎማ የለውም ያለው ሰው ድምፅም ተሰማት። አንድ ትንሽ ምልክት ናት። የሚያያት የለም።

«አጠፍሽው?» አለ አባቷ።

ሬዲዮ እስክሪብቶውን ከደነችው። ቢጫውን ወረቀት እንዳለ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት አጠፈችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። ከመጋረጃው ወጡ። ጣቶቹን ይዛ የሳጥኑን ቀዳዳ እስኪያገኙ አደረሰቻቸው።

«ገባ?»

«ገባ» አለች።