ቀያዮቹን ሪባኖች ማን ያዛቸው?

ያላመነኝ አይመነኝ... ግን በእኔ ላይ ደርሷል።

ይህን የምጽፈው መኪና ውስጥ ተደብቄ ነው። ቤት ውስጥ አልችልም... ልጄ አሁን አማርኛ ታነባለች።

በፈረንጆች 2021፣ ሜይ ወር ነው። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ይዣት ስመለስ፣

"ደከመሽ?" አልኳት።

"ትንሽ ደክሞኛል፣ እማዬ" አለችኝ።

ሐምራዊት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ተቆጥቼም ለምኜም በእንግሊዝኛ እንጂ በአማርኛ መልሳልኝ አታውቅም።

በሁሉም ነገር ክፉ የማስበው እኔ፣ በዚህ ጊዜ ብቻ... ደስ አለኝ።

ትምህርት ቤቱ የሴቶች ብቻ ነው። ጸደይ ሲመጣ ሜዳው ላይ ረጅም ምሰሶ ይተክላሉ። ሜይፖል ይሉታል። ከአናቱ ባለቀለም ሪባኖች ይወርዳሉ። ልጆቹ የሪባኑን ጫፍ ይዘው፣ አንዷ በውስጥ አንዷ በውጭ እየተላለፉ ይዞራሉ። ሪባኑም ምሰሶው ላይ እንደ ሹሩባ እየተጎነጎነ ይወርዳል።

የዚያን ቀኑን ጭፈራ በኮቪድ ምክንያት ወላጆች ያየነው ከአጥር ውጭ ቆመን ነው። ሁሉም ልጆች ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጭ ማስክ አድርገዋል። ከዓይናቸው በቀር የሚታይ ነገር የለም።

አጠገቤ ጓደኛዬ ጠይባ ነበረች። የእሷ ልጅ ሪሀናም እዚያው ትጨፍራለች።

"ጠይባ... ቀያዮቹን ሪባኖች እያቸው። የያዛቸው ልጅ የለም።"

"ንፋስ ነው።"

"ንፋስ ተራ ጠብቆ ይዞራል?"

"ኧረ አንቺ ሴትዮ! የልደት ኬክ ቢሰጡሽም መርዝ ትፈልጊበታለሽ" ብላ ሳቀች።

አፍሬ ዓይኔን ወደ ሜዳው መለስኩ።

ቀያዮቹ ግን በውስጥ... በውጭ... በውስጥ... ይዞሩ ነበር።

ቤት ገብተን ሐምራዊት ማስኳን አወለቀች። ፊቷ የልጄ ፊት ነው። ፈገግታዋም።

ከዚያ ዞር አለች።

ጠዋት ቀጥ አድርጌ ወደ ኋላ የሠራሁት ሹሩባ... አናቷን እየዞረ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተላለፈ፣ ልክ እንደ ምሰሶው ሆኗል።

"ፀጉርሽን ማን ሠራሽ?"

"አንቺ ነሻ፣ እማዬ።"

የእጄን ሥራ አጥቼው ነው?

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ጠይባ ጋ ደወልኩ።

"ሪሀና እንዴት ናት?" አልኳት በሹክሹክታ።

"አልሐምዱሊላህ! ምን እንደነካት እንጃ፣ ከመጣች ጀምሮ አማርኛ ብቻ ነው! አባቷማ በደስታ አለቀሰ።"

"ጠይባ... ፀጉሯን እይው።"

"ምን ሆኗል?"

"ዝም ብለሽ እይው።"

ስትራመድ ሰማኋት... ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል አላነሳችም።

ሲመሻሽ በሩን ልቆልፍ ሄድኩ።

ቀስ ብሎ ተንኳኳ...

"ማም? ኢትስ ሚ... ፕሊስ፣ ኦፕን ዘ ዶር።"

በበሩ ቀዳዳ አየሁ።

ነጭ ቀሚስ። ጠዋት ወደ ኋላ የሠራሁት ሹሩባ። በእጇ የቀይ ሪባን ጫፍ ይዛለች... ሌላው ጫፍ መንገዱን ተሻግሮ፣ ጨለማው ውስጥ ገብቶ፣ የሆነ ነገር እንደሚስበው ተወጥሯል።

"መጣሁ ልጄ!" ብዬ እጀታውን ያዝኩ።

ከኋላዬ፣ በክንዴ ሥር፣ ትንሽ እጅ አለፈች።

"ተይው፣ ብርድ ይገባል እማዬ።"

ቁልፉ... ቀጭ አለ።